የኤርጎ አጭር ክንድ

ኤርጎ የፍየል አንጀት አንባቢ ነው። በካኮ አካባቢ ሰው ሩቅ መንገድ ሲያስብ፣ ልጅ ሲድር፣ ዝናብ ሲጠፋ ፍየል ያርድና አንጀቱን ቅጠል ላይ ዘርግቶ ኤርጎን ይጠራል። እሱም ጎንበስ ብሎ ደም ሥሮቹንና ጥቋቁር ነጥቦቹን ያያል፤ የሚመጣውንም ይናገራል።

ዕድሜው ወደ ሃምሳ ሲጠጋ ግን ቅርብ ያለው ነገር ሁሉ ጥሎት ሄደ። ማዶ ተራራ ላይ የምትግጥ ላም ቀንዷ ሳይቀር ይታየዋል፤ መዳፉ ላይ የተሰካውን እሾህ ግን አያገኘውም። ስለዚህ አንጀቱን በሁለት እጁ አንሥቶ ከፊቱ ያርቀው ጀመር። ሽማግሌዎቹ ሲስቁበት ዓይኑ ደኅና እንደሆነ፣ ያጠረው ክንዱ እንደሆነ ይነግራቸዋል። አንድ ቀን አንጀቱን ለጎረቤቱ ለዳርጌ አስይዞ ወደ ኋላ እየሄደ አነበበ።

«ትንሽ ብትገፋ ጂንካ ሆነህ ታነብልናለህ» አለው ዳርጌ።

እንዲህ እየተሳቀ ያየው ሁሉ ግን ይደርስ ነበር።

ከዚያ ቦሼ መጣች። ልጇ ሶርሳ ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ከተወሰደ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። ዘመዶቿ ልቅሶ እንቀመጥ ብለው ቤቷን ሞልተውታል። እሷ እምቢ ብላ የቀራትን አንድ ጥቁር ፍየል እየጎተተች ደረሰች።

«ካለ ልጠብቀው፤ ከሌለ ላልቅስለት። መሀል ላይ መቆሙ ነው የገደለኝ።»

ኤርጎ በዚህ መቀለድ አልደፈረም። ወንጌላዊው ታደለ ዘንድ ሄዶ የማንበቢያ መነጽሩን ተዋሰ። ታደለ መነጽሩን ለመጽሐፍ ቅዱስ እንጂ ለፍየል ሆድ እንዳልገዛው አጉረመረመ፤ የቦሼን ነገር ስለሚያውቅ ግን ሰጠው።

ፍየሉ ታርዶ አንጀቱ ቅጠል ላይ ሲዘረጋ ኤርጎ መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለ። ከስንት ዘመን በኋላ እያንዳንዷ ክር ጠርታ ታየችው። አንጀት ነው። ሣር፣ ስብ፣ ደም ሥር። የሚናገር ነገር የለበትም። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ያየው፣ እንዳለውም የሆነው ሁሉ፣ ብዥታው ውስጥ የነበረ መሆኑ ገባው።

መነጽሩን አወለቀ። ብዥታው እንደ ጭጋግ ተመለሰ። መሀሉ ላይ አንድ ቀጭን ሰው ቆሟል።

ፊቱ ወዴት እንደሆነ አልለይ አለው። አንጀቱን አጠገቡ ለቆመው ለዳርጌ አስይዞ ወደ ኋላ ሄደ። ዳርጌ ሊቀልድ አፉን ከፈተና የኤርጎን ፊት ሲያይ ተወው። ኤርጎ በራቀ ቁጥር ሰውየው ማነስ ሲገባው ያድጋል። እሱ አንድ እርምጃ ሲሸሽ ያኛው አንድ ይቀርባል። ነፋስ የለም፤ አንጀቱ ግን ዳርጌ እጅ ላይ ይወዛወዛል። ኤርጎ ቆመ። ከዚህ በላይ ቢርቅ ሰውየው አጠገቡ እንደሚደርስ ታወቀው።

«አንድ ቀጭን ሰው ይታየኛል» አለ።

«ፊቱ ወዴት ነው?» አለች ቦሼ።

«ወደዚህ።»

«ይመጣል?»

«እየመጣ ነው።»

በሕይወት ነው ወይ ብላ አልጠየቀችውም። እሱም አላወቀም፤ አላውቅም ብሎም አልነገራት። ቦሼ ቤቷ ገብታ ዘመዶቿን ወደየቤታቸው ሸኘች፤ የልጇን መኝታ ቁርበት አራግፋ ዘረጋች፤ በሩንም ወለል አድርጋ ከፈተችው።

ኤርጎ ወደ ቤቱ የሄደው አንገቱን ደፍቶ ነው። ማዶው ጥርት ብሎ ስለሚታየው፣ የሚመጣውን ሰው እንዳያይ ቀና ማለት ፈራ። ብዥ ያለውን የእግሩን መርገጫ ብቻ እያየ፣ እየተደናቀፈ ሄደ።