ከሚስቱ ፊት ላይ የተፋቀው

ፎቶ ቤቱ ውስጥ አብረነው የምንሠራ ሁሉ "ምላጩ" እንለዋለን። ቅጽል ስሙ የወጣለት ስለ ምላሱ አይደለም፤ እርግጥ እሱም አልደነዘም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መስኮት ሥር ተቀምጦ፣ ፎቶው የሚታተምበትን ፊልም መስታወት ላይ ዘርግቶ፣ በምላጭ ጫፍ የሰው ፊት ሲያሳምር ኖሯል። ብጉር ይፍቃል፣ ጠባሳ ይፍቃል። ደንበኛው ፎቶውን ተቀብሎ "ይሄ እኔ ነኝ?" ብሎ ሲስቅ፣ "አንተው ነህ፣ እናትህ እንደምታይህ" ይለዋል። ያኔ እቀናበታለሁ። እኔ ጨለማው ክፍል ውስጥ አትማለሁ እንጂ፣ እጅህን ይባርከው ያለኝ ሰው የለም።

ሰኞ ዕለት ሴት ልጁ ከኮሌጅ ስትመለስ ጎራ አለች። ስለ ውበትና ስለ ጥበብ ፍልስፍና መማር ጀምራለች።

"አባዬ፣ ውበት ያለው ነገሩ ላይ ነው ወይስ የሚያየው ሰው ዓይን ውስጥ?"

"ለቀባሪ አረዱት! ውበት ያለው እዚህ ነው" ብሎ ምላጩን አሳያት።

"መምህራችን ግን ጉድለትም ያምራል ይላል። አንተ ካሳመርከው በኋላስ የማን ፊት ነው? የሰውዬው ነው ያንተ?"

"መምህርሽ ፊቱን ይዞ ይምጣና እንተያያለን" አለ ደረቱን ነፍቶ። "የእናትሽን ጠባሳ እንኳ ድራሹን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

እናቷ የሞተችው እሷ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላት ነው። የምታውቃት በፎቶ ብቻ ነው።

"እማዬ ጠባሳ ነበራት? የት ጋ?"

"ጉንጯ ላይ። በቀኝ..." አለና ቆመ። "አይ፣ በግራ።" እንደገና ቆመ። ፊልም የሚፋቀው በጀርባው በኩል ስለሆነ ግራው ቀኝ ሆኖ ይታያል። ሃያ ዓመት ሙሉ ደግሞ ሚስቱን ያየው ራሱ ባሳመረው ፎቶ ነው።

ልጅቷ ደብተሯን ይዛ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ሰውየው መቀመጫ አጣ። ቁጭ ይላል፣ ይነሳል፣ አንዱን ጉንጩን ይዳብሳል፣ ሌላውን ይዳብሳል። ሁለቴ የጨለማውን ክፍል በር በርግዶ፣ ብርሃን አስገብቶ የማትምበትን ወረቀት አበላሸብኝ።

"የትኛው ይመስልሃል?" አለኝ።

"እኔ አይቻት አላውቅ! በሩን ዝጋው!"

እንዲህ ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

"'ጠባሳዬን ተወው፣ እሱም የኔ ነው' ትለኝ ነበር እኮ" አለ በሩ ላይ እንደቆመ። "እኔ ደግሞ እስቅባት ነበር።"

ማክሰኞ ሥራ አልነካም። ረቡዕ ጠዋት የሚስቱን ፊልም በብስኩት ቆርቆሮ ይዞ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል፣ ግን ተስፋ አግኝቷል።

"ምላጭ ያለፈበት ቦታ ወደ ብርሃን ዘንበል ሲል ጭረቱ ይታያል። ጠባሳው የነበረው ጭረት ያለበት ጉንጭ ላይ ነው። ለልጄ ዛሬውኑ እነግራታለሁ።"

እኔም ደስ አለኝ። መስኮቱ ጋ ሄደን ፊልሙን አዘነበልነው። ቀኝ ጉንጯ ላይ ጭረት አለ። ግራውም ላይ አለ። ከዓይኖቿ ሥር፣ ግንባሯ ላይ፣ በከንፈሯ ዙሪያ፣ አገጯ ላይ ሳይቀር አለ። ያልተነካ ቦታ ብፈልግ አጣሁ።

ፊልሙን ወደ ደረቱ አስጠጋው።

"ይህን ሁሉ የፋቅሁት ምኗን ጠልቼ ነው?" አለኝ። "አንድም ነገሯን ጠልቼ አላውቅም እኮ።"