ለክፉ ቀን የመረጥኩት መሬት

ሰው መሬት ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው ለገበያ ቅርብ ነው ወይ ብሎ ነው። እኔ ግን መንገዱ ቢዘጋ፣ ሱቁ ባዶ ቢሆን፣ የውሃ ቦቴው ቢቀር እዚህ ቦታ ክረምት ከበጋ መኖር ይቻላል ወይ ብዬ ነው የምጠይቀው። እንደኔ ከሀርጌሳ የሚነሱ የጭነት መኪና ሾፌሮች ይህን ጠባዬን አውቀው መጫወቻ አድርገውኛል። በርበራ ወደብ ተራ ስንጠብቅ፣ እንደ ነቢዩ ኑህ፣ «መርከቡ የት ደረሰ?» ይሉኛል። «ለእናንተ የሚሆን ቦታ የለውም» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ግን ቀልዴን አልነበረም።

ነገሩ የጀመረኝ በኮሮና ጊዜ ነው። አባቴ የዚህ አገር ሰው ይሁን እንጂ እኔ ተወልጄ ያደግሁት ድሬዳዋ ነው፤ ሚስቴና ልጄም እዚያው ናቸው። ከበርበራ ጭኜ እስከ ወጃሌ ድንበር እመላለሳለሁ፣ ሲቀናኝም ተሻግሬ ቤቴን አይቼ እመለሳለሁ። ያን ጊዜ ጭነቱ ድንበር ላይ ወደ ሌላ መኪና እየተገለበጠ እኛ አትሻገሩም ተባልን። ሀርጌሳ፣ 26 ጁን በሚባለው ሰፈር በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ ቀረሁ። አንድ ሰሞን የግቢው ታንከር ደርቆ ቦቴውም ስለቀረ ባልዲ ይዤ ጎረቤት በር ላይ ቆምኩ። እነሱ በደስታ ነው የሰጡኝ። እኔ ግን አንገቴን ደፍቼ ነው የተቀበልኩት። ከዚያ ወዲህ ማንንም የማልለምንበት፣ ሚስቴንና ልጄን አምጥቼ በሬን ዘግቼ የምቀመጥበት ቦታ መፈለግ ጀመርኩ።

አካባቢ የምመዝንበት የራሴ መንገድ አለኝ። መሬት ሻጭ አላምንም፤ ሻጭ ቦታውን የሚያሳይህ ዝናብ በዘነበ ማግስት ነው። እኔ የምሄደው በጂላል ነው፤ ረጅሙ ደረቅ ወቅት ፍየሉን ሁሉ አጥንት ብቻ ሲያደርገው። ሴቶቹ ጄሪካን ይዘው ወዴት እንደሚያቀኑ አያለሁ። በደረቁ ወንዝ ዳር ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ጭራሮና ፌስታል ካለ፣ ጎርፉ እስከየት እንደሚወጣ ከዚያ አውቃለሁ። አፈሩን በአካፋ ቆፍሬ በእጄ አፍሼ አየዋለሁ። በመኪና ቶሎ ለመውጣት የሚቀርብ፣ በመንገዱ ለሚያልፍ ሰው ግን የማይታይ መሆን አለበት።

በበርበራ መንገድ ያለውን ገና ከመኪና ሳልወርድ ጣልኩት፤ በዚያ ሙቀት እንኳን ማሽላ ሰውም አይበቅልም። ሀርጌሳ ዳር፣ ሼክ ኑር ሰፈር ጫፍ ያለውን ሳይ ልቤ ትንሽ ፈቅዶ ነበር፤ ግን ከተማው እየተከተለ ነው፣ ዛሬ ሜዳ ያልኩት ነገ የሰው ጓሮ ይሆናል። ወደ ወጃሌ መንገድ፣ በገቢሌ በኩል ያለው ግን ሌላ ነው። አፈሩ ቀይ ነው፣ ዝናቡም ከሌላው ይሻላል። አንዱን ቦታ ባየሁ ቁጥር መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ለሚስቴ እደውልላታለሁ። ቀኑን ሙሉ አማርኛ የምናገረው ከእሷ ጋር ብቻ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። ስልኩን ስዘጋው ሬዲዮ እከፍታለሁ።

ባለፈው ጂላል በመጨረሻ አገኘሁት። የቦታው ባለቤት በአባቴ በኩል የሚዛመዱኝ አሮጊት ናቸው፤ በአገሩ ወግ «ኤዶ» እላቸዋለሁ፣ አክስቴ እንደማለት ነው። ጉልበታቸው ስለደከመ ከተማ ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ነው። ቦታው የእሾህ አጥር፣ የማሽላ ማሳ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅም በሲሚንቶ የተለሰነ ቢርካ አለው። በዚያ ድርቅ እስከ ግማሹ ውሃ ነበረው። ጎረቤት የሚባለው ከኮረብታው ጀርባ ነው፤ ይህንንም ለቦታው እንደ ጥሩ ነገር ቆጠርኩለት።

ኤዶ የግመል ወተት ሰጡኝ። እየጠጣሁ ሐሳቤን ነገርኳቸው። «ቢርካው ላይ የብረት ክዳን አሠራለሁ፤ እቆልፈዋለሁ።»

«ቁልፉ ማን ጋ ይሆናል?»

«እኔ ጋ ነዋ።»

«አንተ በርበራ ስትሆንስ?»

«ኪሴ ውስጥ።»

በሻሻቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። «ቢርካው የኔ ነው» አሉ። «ግን ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት ገብተው ደለሉን የሚያወጡልኝ ከኮረብታው ጀርባ ያሉት ሰዎች ናቸው። ስለሚጠጡት ነው የሚያወጡት። ከቆለፍክባቸው ብቻህን ታወጣዋለህ።»

ተነስቼ ወደ ቢርካው ውስጥ አየሁ። ጥልቅ ነው። ያን ሁሉ ጭቃ አንድ ሰው ከታች ሆኖ በአካፋ ወደ ላይ ሲወረውር አሰብኩት። አፈሩን፣ ጎርፉን፣ መንገዱን መርምሬ ቢርካ የሚጠርገው ማነው ብዬ ግን አልጠየቅኩም። በታንከር ውሃ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ለእኔ ውሃ ቦቴ ያመጣዋል፣ ባለቤቱ ይቆልፍበታል። እውነቱን ለመናገር ተናደድኩ። ከሰው ልሽሽ ብዬ ይህን ያህል ዞሬ፣ ሰው እዚህም ጠበቀኝ።

ቢሆንም ቦታውን ወድጄዋለሁ። ክዳኑም ቁልፉም ይቅር አልኳቸው። «እንግዲያው ቤተሰብህ መቼ ይመጣል?» አሉ። ለብቸኛ ሰው ቤቴን አልሰጥም፣ ምድጃው ሳይነድ ከሚከርም ለጎረቤቶቼ እሰጠዋለሁ ብለው ቁርጡን ነገሩኝ። «ኢንሻአላህ ቅርብ ነው፤ አሁኑኑ ደውዬ እነግራታለሁ» አልኩ አፌን ሞልቼ።

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ደወልኩ። ደስታዬ አላስቀምጥ ብሎኝ ነበር። ስለ ውሃው፣ ስለ ቀዩ አፈር ለፈለፍኩላት። «ፍየል እንይዛለን፣ እህል እናከማቻለን። ድንበር ቢዘጋ፣ ጦርነት ቢመጣ አንነካም።» ከኋላዋ የሴቶች ሳቅ ይሰማል፤ ልጄም አንዷን ጎረቤት «እማማ፣ ነይ እዪልኝ» ስትል ሰማኋት።

«ጥሩ ቦታ ነው» አለች ሚስቴ። «አላህ ይባርክልህ።»

«ይባርክልን በይ እንጂ።»

«ስማኝ» አለች ረጋ ብላ። «ያኔ ድንበሩ ሲዘጋ ልጅቷ የሳንባ ምች ነበር የያዛት። ሆስፒታል ያደረሷት እነዚህ ጎረቤቶቼ ናቸው። እየተፈራረቁ አብረውኝ አድረዋል። አልወቅስህም፣ መንገዱ ተዘግቶብህ ነው። ግን አንተ የምትዘጋጅለትን ክፉ ቀን እኔ እዚሁ አሳልፌዋለሁ። ሌላም ቢመጣ ከነሱ ተለይቼ የትም አልሄድም።»

ያኔ በስልክ «ጉንፋን ነው» ነበር ያለችኝ።

«ሄሎ?» አለች። «ሄሎ? ኔትወርኩ ሄደ እንዴ?»

አልሄደም ነበር። ኤዶ የአጥሩ በር ላይ ቆመው፣ ምን አለች በሚል ዓይን በመስኮቱ ያዩኛል።