ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት

የጥሪ ካርዱን ያመጣልኝ አንድ ወጣት ጠበቃ ነው። በረንዳዬ ላይ ቆሞ ላቡን በመሐረብ እየጠረገ፣ «እትዬ፣ እርስዎ ካልተናገሩ ዝግጅቱ ጎዶሎ ነው» አለኝ። ካርዱ ወፍራም ነው፤ ጠርዙ ወርቃማ። በከተማችን ለረጅም ዘመን በጥብቅና ላገለገሉ አንድ ሰው ሽልማት ሊሰጥ ነው። ከተናጋሪዎቹ ስም መካከል የእኔም አለ፤ ከስሜ ሥር «እርሳቸው ኮትኩተው ያሳደጓቸው» የሚል ተጽፎበታል። ሦስት ደቂቃ ሰጥተውኛል።

የሰውየውን ስም እዚህ አልጽፍም። ልጆች አሏቸው፤ ልጆቻቸው አልበደሉኝም። ያሳደጉኝ የተባለው ግን ውሸት ነው። ስምንት ወር ፋይላቸውን ተሸክሜያለሁ፤ ከዚያ አባረውኛል። በኋላ ሌላ ጠበቃ ፈርሞልኝ የራሴን የጥብቅና ፈቃድ አውጥቼ ኖርኩ፤ አንድ የምርጫ ዘመንም የምክር ቤት አባል ነበርኩ። በምክር ቤቱ እጄን ባወጣሁ ቁጥር ከኋላዬ ሹክሹክታ እሰማ ነበር፤ «ደንበኛዋን የሸጠች» የሚል። ከማን አፍ እንደወጣ አውቃለሁ። እስከ ዛሬ መልስ አልሰጠሁበትም።

ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ዓመት አልሞላኝም። የሰውየው ቢሮ ከዚራ ነበር፤ ዛፎቹ መንገዱን እንደ ጣራ የሚሸፍኑበት ጋ። ድሬ ዳዋ ለአንቱታ ግድ የላትም፤ ትንሽ ትልቁን «አንተ» ብሎ ይጠራል፣ ማንም አይቆጣም። እሳቸው ግን «እርስዎ» ያላላቸውን ባለጉዳይ እስኪታረም ድረስ አቁመው ይተዉት ነበር። እኔ ፈጥኜ ነው የታረምኩት።

ደንበኛችን ከወንዙ ማዶ፣ የመጋላ ሰፈር ነጋዴ ነበር። የአዴ ፋጡማን፣ የአንዲት የሰፈሩ እናትን፣ ቤት የፊት ክፍል ለሱቅ ተከራይቶ ለዓመታት ሠርቶበታል። ባሏ ሲሞት ግን አንድ ወረቀት ይዞ መጣ፤ «ሟች ቤቱን በሙሉ ሸጦልኛል» ብሎ ከሰሳት። አዴ ፋጡማ ጠበቃ አልነበራትም። ያላት ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ከከተማው ውጭ የቢዮ አዋሌ ሰዎች፣ የኪራዩ ውል ሲደረግ እዚያው የተቀመጡ። ሰኞ በሦስት ሰዓት ምስክርነታቸው ሊሰማ መጥሪያ ደርሷታል።

ዘንድሮ እንደሆነው ሁሉ የዚያን ዓመትም ሙቀቱ ቀድሞ ገባ። ሙቀቱ ሲገባ እዚህ የሥራ ሰዓት ይቀየራል፤ ማልደው ይከፍታሉ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ ይዘጋሉ። ሰውየውና እኔ አርብ ከሰዓት መዝገብ ቤት ደርሰን ስንወጣ፣ ጥበቃው በሩ ላይ ማስታወቂያ ሲለጥፍ አገኘነው። ሙጫው ገና አልደረቀም። ከሰኞ ጀምሮ ችሎት በአንድ ሰዓት ይሰየማል፤ የሦስት ሰዓት ቀጠሮዎች ሁሉ ወደ አንድ ሰዓት መጥተዋል ይላል።

ሰውየው ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ዛሬ አርብ ነው» አሉ፣ ፈገግ ብለው። «ከመጋላ ማን እዚህ ይመጣል? ከጁምዓ ሶላት ምሳ፣ ከምሳ ጫት።»

«ለአዴ ፋጡማ አይነገራትም?»

«እኛ የእሷ ጠበቃ ነን?»

«መጥሪያዋ ሦስት ሰዓት ነው የሚለው።»

«አፍሽን ያዥ። የጥብቅና ግማሹ እሱ ነው።»

ሰኞ በአንድ ሰዓት ካልቀረበች ክርክሩ እሷ በሌለችበት ይቀጥላል። ሽማግሌዎቹ አይሰሙም፤ የሚነበበው የነጋዴው ወረቀት ብቻ ይሆናል። በእርግጥ አቤት የሚባልበት መንገድ አለ፤ ግን ጠበቃ ለሌላትና አማርኛ ማንበብ ለማትችል ሴት መንገዱ ረጅም ነው። እሳቸውም አፍሽን ያዥ ያሉኝ ይህን ቆጥረው ነው።

እሁድ ከሰዓት ደቻቱን ተሻግሬ መጋላ ሄድኩ። ወንዙ ደርቆ አሸዋው በጫማዬ ሥር ይፋጃል። ክር ልገዛ ነው ብዬ ነበር ለራሴ። ክሩን ግን ከዚራም አገኘው ነበር።

አዴ ፋጡማ በሯ ላይ ተቀምጣ ባጊያ ትጠብሳለች። የባቄላው ሊጥ ዘይት ውስጥ ሲገባ ይንጫጫል፤ የቃሪያው ሽታ አፍንጫ ይይዛል። ፍርድ ቤት አይታኛለችና አወቀችኝ።

«አቦ! የዚያ ሰውዬ ልጅ አይደለሽ? ነይ፣ ቁጭ በይ።»

«ልጁ አይደለሁም። አብሬ ነው የምሠራው።»

«አልሐምዱሊላህ! ልጁ ብትሆኚ ባጊያ አልሰጥሽም ነበር።» ሳቀች፤ አምስት ባጊያ በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ። «ብዪ፣ ከስተሻል። ነገ ሽማግሌዎቹ በጠዋት በመኪና ይመጣሉ። ለሦስት ሰዓት ይደርሳሉ፣ ኢንሻአላህ።»

ባጊያው ትኩስ ነበር፤ ምላሴን አቃጠለኝ። ሁለት ቃል ብቻ ነበር የሚፈለግብኝ፤ «አንድ ሰዓት» የሚሉ። የቤት ኪራዬን አሰብኩ፤ የጥብቅና ፈቃዴን አሰብኩ፤ ፈቃዱን ለማግኘት የሰውየው ፊርማ እንደሚያስፈልገኝ አሰብኩ። አምስቱንም በላሁ። «አላህ ይርዳሽ» ብዬ ተነሣሁ።

ሰኞ አንድ ሰዓት ሲሆን ችሎት አስከባሪው በረንዳው ላይ ሦስት ጊዜ ስሟን ጠራ። መልስ የለም። ሰውየው ካባቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ተከሳሽ ስላልቀረበች ጉዳዩ በሌለችበት እንዲታይልን።»

ዳኛው ወፍራም መነጽር ያደረጉ፣ በነገር የማይቸኩሉ ሰው ነበሩ። «የሰዓቱን ለውጥ ታውቃለች?»

«በሩ ላይ ተለጥፏል፣ ክቡር ፍርድ ቤት። ሁሉም ያውቃል።»

ዳኛው እስክሪብቶ አነሡ። እግሬ ቀድሞኝ ተነሣ። ደፋር ሆኜ አይደለም፤ ምላሴ ገና ያቃጥለኝ ነበር።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ትናንት አግኝቻታለሁ። ሦስት ሰዓት ነው የሚመስላት። ምስክሮቿ መንገድ ላይ ናቸው።»

ሰውየው ዞር ብለው አላዩኝም። ጆሯቸው ብቻ ቀላ። ዳኛው ሁለታችንንም በተራ ተመለከቱና፣ «መዝገቡ መጨረሻ ላይ ይታያል» አሉ። «ያን ጊዜም ካልመጣች እቀጥላለሁ።»

ስድስት መዝገብ ነበር። ሁለቱ ወዲያው ተቀጠሩ። የሦስተኛው ባለጉዳዮች ታረቅን ብለው ወጡ። እንደዚያን ቀን ሰው ፈጥኖ ሲታረቅ አይቼ ተናድጄ አላውቅም። ስድስተኛው ሊያልቅ ሲል በሩ ተከፈተ፤ አዴ ፋጡማ ገባች፣ ከኋላዋ ሁለቱ ሽማግሌዎች፣ ቅንድባቸው ድረስ አቧራ ለብሰው። ተሰሙ። ቤቱ የእሷ እንደሆነ ቀረ።

ሰውየው በረንዳው ላይ ፋይሎቹን ከእጄ ወሰዱ። «አሳልፎ ሰጪ» አሉኝ። «ከእንግዲህ በዚህ ከተማ ማን ያምንሻል?» ያሉትን ደግሞ በየቤቱ እየዞሩ እውነት አደረጉት። አሁን ሰው ሲጠይቀኝ፣ የተሰወረ ምስጢር አላወጣሁም እላለሁ፤ በሩ ላይ የተለጠፈ ነገር ነው። ነገር ግን በማን ወገን ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩም አልረሳሁም።

ከእሳቸው የከፋው ቀጥሎ መጣ። ችሎት አስከባሪው አዴ ፋጡማን ወደ እኔ አመጣት፤ «ይቺ ናት ችሎቱን ያስጠበቀችልሽ» አላት። እጄን ያዘችኝ። የምትስመኝ መስሎኝ ነበር።

«ሰዓቱን መቼ አወቅሽ?»

«አርብ» አልኳት።

እጄን ለቀቀችው። «ታዲያ ትናንት ባጊያዬን ስትበዪ አፍሽ የት ነበር?»

ተቆጥታ አልጮኸችም፤ ጠየቀችኝ ብቻ። ሽማግሌዎቿን አስከትላ ወጣች። በኋላ በምርጫ ጊዜ መጋላ እየዞርኩ ድምፅ ስለምን፣ በእሷ ቤት በኩል ያለውን መንገድ ብቻ ትቼ አልፌያለሁ። ሰዎቹ ግን መረጡኝ። እሷ ትምረጠኝ አትምረጠኝ አላወቅሁም፤ ሳልጠይቃትም ሞተች። ዛሬ በዚያው በር ላይ ልጇ ትጠብሳለች ይሉኛል።

ለወጣቱ ጠበቃ እመጣለሁ ብዬ ነገርኩት። ደስ አለው። ሰውየው ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ጆሯቸው ደክሟል አሉ፣ ስለዚህ ድምፅ ማጉያው በደንብ እንዲሠራ አደራ አልኩት። የአርቡን እነግራቸዋለሁ፤ ሠላሳ ዓመት ስላጠናሁት ከሁለት ደቂቃ አያልፍም።

የእሁዱን ግን ጮክ ብዬ ተናግሬው አላውቅም። ትናንት በረንዳው ላይ ብቻዬን ሆኜ ሰዓት ይዤ ሞከርኩት። «ቤቷ ሄድኩ። ያበላችኝን በላሁ። ሳልነግራት ተነሣሁ።»

አጭር ነው። ጊዜው ይተርፋል።