ለገነት አባት የሠራሁት ገጽ

ባለፈው ሳምንት አብሮኝ የሚሠራ ወጣት ኮዱን እንዳይለት ሰጠኝ። ሰዎች የሚጽፉትን አስተያየት ሳያጣራ፣ እንዳለ ድረ ገጹን በሚያንቀሳቅሰው ኮድ፣ በጃቫስክሪፕቱ ውስጥ ሞጅሮታል። «ይቺን ትንሽ ድረ ገጽ ማን ይነካታል?» አለኝ። ተቆጥቼ ኮዱን መለስኩለት።

ፍኖተ ሰላም ኮምፒውተር ቤት ተቀጥሬ ስሠራ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። የትምህርት ቤት ጓደኛዬ የገነት አባት ሞቱ፤ ቡሬ ለብዙ ዘመን ያስተማሩ ሰው ናቸው። በየአገሩ የተበተኑ ተማሪዎቻቸው የሚጽፉበት ገጽ እንድሠራ ለመነችኝ። በአርባቸው ተዝካር ጽሑፉን በትልቅ ስክሪን ለእናቷ ልታሳይ ነው። የአባቷ ወንድም «ይኼ ደግሞ የምን ፈሊጥ ነው!» ብለው ቢቆጡም፣ እኔን ተማምና ተከራከረች።

መልእክቶቹ ተራ በተራ እንዲያልፉ ጽሑፉን በቀጥታ ወደ ገጹ ጃቫስክሪፕት አስገባሁት። በጥቅስ ምልክቶቹ ቦታ ዝባዝንኬ ወጣ፤ ለካ መልእክት ውስጥ የተደበቀ ኮድ እንዳይሠራ የሚያግደው ማጣሪያ ሥራውን እየሠራ ነው። ጽሑፉን ጉዳት ወደማያደርስ ዳታ የሚቀይር ትእዛዝ እንዳለ አንብቤ ነበር፤ ሰነፍኩ። ማጣሪያውን አጥፍቼ፣ ከማንም የመጣውን «የታመነ ነው» ብዬ አለፍኩ። ለቅሶ ቤት በር ላይ ማን ይፈተሻል? ራሴን ያሞኘሁት እንዲህ ብዬ ነበር።

ለተዝካሩ ወደ ቡሬ ስሄድ ሐምሌ መጨረሻ ነው። በቆሎው ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቁመት ጥሏል፤ ሚኒባሱ ውስጥ የረጠበ ጋቢ ይሸታል። የተዝካሩ ድንኳን ውስጥ ስክሪኑ ላይ ስድስት ሰባት መልእክት አለፈ፤ እናቷ እያለቀሱ ይመርቃሉ። ድንገት፣ ጠዋት እኔ መንገድ ላይ ሳለሁ አንድ ባለጌ በመልእክት መልክ የላከው ኮድ ሥራ ጀመረ። ስክሪኑን የራቁት ሴት ምስል ሞላው፤ የጭፈራ ቤት ሙዚቃ አምባረቀ። ቄሶቹ ፊታቸውን አዞሩ። ገመዱን ነቀልኩት።

«ምነው ልጄ፣ ማን ነው እንዲህ የጠላቸው?» አሉኝ እናቷ።

«ሃከር ገብቶብን ነው እማማ።»

አጎቷ ወደ ገነት ዞሩ። «አንቺ ነሽ! ወንድሜን በተዝካሩ ቀን አዋረድሽው!»

አንገቷን ደፋች። ጥፋቱ የእኔ ነው ማለት ነበረብኝ፤ እኔ ግን ጎንበስ ብዬ ገመዱን መጠቅለል ያዝኩ። ይባስ ብሎ እናቷ አጠገባቸው አስቀምጠው «አንተ ምን ታደርግ፣ ብላ» እያሉ አጎረሱኝ። በላሁ! ያ ቅባት ዛሬም ከከንፈሬ የለቀቀ አይመስለኝም። አጎቷ እስኪሞቱ ድረስ አላናገሯትም።

ወጣቱ ኮዱን አስተካክሎ ለመመለስ አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። ከቁጣዬ ግማሹ እሱን አይመለከትም ነበር። ያን ባለጌ ስንት ዓመት ረገምኩት፤ ማን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። ገነት ቡሬ ስንገናኝ አሁንም እጄን ይዛ «ያን ቀን አብሮኝ የተዋረደው አንተ ብቻ ነህ» ትለኛለች። እኔም፣ ራሴን እየተጸየፍኩ፣ ምስጋናዋን እቀበላለሁ።