ከቄራ እስከ ካዛንቺስ፦ ለቅሶ መድረስ የተከለከሉት እናት

የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ወረርሽኙ መጥቶ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ቤት መቀመጥ አልሆን አለኝና በበጎ ፈቃደኝነት ጤና ጣቢያ ተመዘገብኩ። ሥራዬ ከቤት እንዳይወጡ የተነገራቸውን ሰዎች እየዞርኩ መጠየቅ ነበር። አንድ ጠዋት ነርሷ ደወለችልኝ።

«ካዛንቺስ እማማ አስካለ የሚባሉ እናት አሉ። ልጃቸው ቫይረሱ ተገኝቶበት ከተወሰደ ስድስት ቀኑ ነው። እሳቸው ደግሞ ዛሬ ካልወጣሁ እያሉ ነው። በቃ፣ ሂጂና አሳምኛቸው።»

ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ቄራ

ሥጋ ቤቶቹ ደንበኛ እንዳይጠጋ በራቸው ላይ ገመድ ወጥረዋል። ታክሲው የሚጭነው ግማሽ ሰው ስለሆነ ዋጋው እጥፍ ሆኗል፤ አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና «እህቴ፣ ማስክሽን ከፍ አድርጊልኝ፤ ቤት ሕፃን አለኝ» አለኝ። ፖሊስ ቢሆን ሙቀቱን ሰበብ አድርጌ እከራከር ነበር። ለሱ ግን ወዲያው ከፍ አደረግኩ።

ስታዲየም ወረድኩ። ማሊያ ይሸጡ የነበሩት ሁሉ የጨርቅ ማስክ ሻጭ ሆነዋል፤ አንዱን በሃያ አምስት ብር ሂሳብ ሁለት ገዛሁ። ከዚያ በእግሬ ወደ ባምቢስ። እዚያ አንድ ሱቅ በር ላይ ዘበኛው በጀሪካን ውኃ ያስታጥባል፤ ታጥቤ ገባሁና ለእማማ አስካለ አንድ ኪሎ ብርቱካን ገዛሁ። ሰባ ብር።

አራት ሰዓት፣ ካዛንቺስ

እማማ አስካለን ያገኘኋቸው በቆርቆሮ በራቸው ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጠው ነው። ጫማቸውን አድርገዋል፤ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል።

«እማማ፣ ወዴት ነው?» አልኳቸው ብርቱካኑን በሩ ሥር አስቀምጬ ራቅ እያልኩ።

«ለቅሶ። በላይነሽ ስኳሯ ተነሥቶባት አረፈች። ትናንት ቀበሯት። ቤቷ ያውልሽ፣ ከዚህ ሦስተኛው ነው።»

ወረቀቴን አውጥቼ ማንበብ ጀመርኩ፤ አሥራ አራት ቀን፣ ሁለት ሜትር፣ ቅጣት። እስክጨርስ በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ይኼን በሬዲዮ ሰምቼዋለሁ ልጄ። ባሌ ሲሞት አርባ ቀን ሙሉ እኔ ዘንድ ያደረችው በላይነሽ ናት። እሷን ሳላለቅስ ቀርቼ ነገ በምን ዓይኔ ሰው አያለሁ?»

«ከወጡ ፖሊስ ይጠራል» አልኩ። ቃሉ ከአፌ እንደወጣ አፈርኩ።

እሳቸው አልተቆጡም። «ጥሪው» አሉኝ ቀስ ብለው። «እስኪመጣ ደርሼ እመለሳለሁ።»

ወረቀቱን አጥፌ ከተትኩ። «ለቅሶ ቤት ማን አለ?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ልጇ ሒሩት። ነፍሰ ጡር ናት፤ ሰባት ወሯ» አሉ። እጃቸው የነጠላውን ጫፍ ያፍተለትላል።

«ትንሽ ይጠብቁኝ» አልኳቸው።

መሰብሰብ ስለተከለከለ በላይነሽ ቤት ድንኳን አልተተከለም፤ ሰው በየተራ ገብቶ ይወጣል። ሒሩትን በር ላይ አስጠርቼ እማማ አስካለ ሊወጡ እንደተነሡ ነገርኳት። አንድም ነገር ሳትጠይቀኝ አንዱን ማስክ ተቀብላኝ ተከተለችኝ። ከእማማ አስካለ በር አራት እርምጃ ያህል ሲቀራት ቆመች። ሁለቱም ለመተቃቀፍ እጃቸውን ዘርግተው ነበር፤ መልሰው አወረዱት። ከዚያ ለቅሶው መጣ።

«እማማ፣ ሰው በገባ ቁጥር በሩን የማየው እርስዎን ፍለጋ ነው» አለች ሒሩት።

«ታዲያ እንዴት ልቅር?»

«ይኼን የሆዴን ልጅ አያቱ ሳታየው ሄደች። አሁን ከእርስዎ ሌላ አያት የለውም። እኔን ማየት ከፈለጉ እኔ እዚህ ድረስ እመጣለሁ። እርስዎ ብቻ ለሱ ሲሉ ይቆዩልኝ።»

እማማ አስካለ ወደ እኔ ዞሩ። «ስንት ቀን ቀረኝ?» አሉኝ።

«ስምንት።»

«በየቀኑ እዚህ ትቆሚልኛለሽ?» አሏት ሒሩትን።

«እቆማለሁ።»

ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ። ከዚያ በባዶ እግራቸው እዚያው በራቸው ላይ ቆመው በላይነሽን አለቀሷት፤ ደግነቷን፣ ሳቋን፣ ጠበኛ የማስታረቅ ችሎታዋን እያነሡ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። ጎረቤት ሁሉ በየደጁ ወጣ። ማንም ወደ ማንም አልተጠጋም፤ ግን ሁሉም አለቀሰ። እኔም የማላውቃትን ሴት አለቀስኩ።

አሥራ አንድ ሰዓት፣ ቄራ

የቀሩኝን ቤቶች ዞሬ ስጨርስ ወደ ቤቴ በእግሬ ተመለስኩ። ጠዋት ከቤት ስወጣ ሰውን ቤቱ የሚያስቀምጠው ፍርሃት ይመስለኝ ነበር። እማማ አስካለ ግን በሽታውንም ፖሊሱንም አልፈሩም፤ የፈሩት በላይነሽን እንደ ከዷት መቆጠርን ነው። ይህን ሳልጠይቅ ሕግ ማንበቤ እስካሁን ይቆጨኛል። ከዚያ ቀን ወዲህ በየቤቱ ስሄድ መጀመሪያ የምጠይቀው «ውጭ ማን ይጠብቅዎታል?» ብዬ ነው።

ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ስልኬ ጠራ።

«በሰላም ገባሽ?» አሉ እማማ አስካለ። «ጎረቤቶቼን ብርቱካኑን ግማሹን ለሒሩት በር ላይ አስቀምጡላት ብዬ ነበር፤ ከእርስዎ እጅ የወጣ አትብላ ብለው መለሱብኝ። ልክ ናቸው። እኔም ነገ አልወጣም፤ ለጤና ጣቢያዎቹ ንገሪያቸው።»

ስምንቱንም ቀን አልወጡም።