ጎበዝ ብሎሻል አልኳት

አምና ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ እንዳላነሳው የታዘዝኩትን የሟች ስልክ አነሳሁ። በሰባ ሁለት ዓመት ዕድሜዬ ብዙ ሞኝነት ሠርቻለሁ። ቴፒ የእርሻ ትራክተር ስነዳ ትራክተሩን ወንዝ መሐል አቁሜ ምሳዬን የበላሁ ሰው ነኝ፤ ወንዙ ሲሞላ እኔ ዳንኩ፣ ትራክተሩን ውሃ ወሰደው። ያኛውን ስናወራው እንስቃለን። ይሄኛውን ግን ከማን ጋር እንደማወራው ስላላወቅኩ ለእናንተ ጻፍኩት።

ወልዴ እዚህ ሚዛን አጥር ለአጥር የኖርን ጎረቤቴ ነበር። ዕድሜውን የፈጀው ቡና መፈልፈያ ውስጥ ነው። አንዲት ልጅ አለችው፣ ፀዳለ፤ ለሴቶች ብሔራዊ ቡድን ተከላካይ ሆና ትጫወታለች። ወልዴ ስለ እሷ ከጀመረ መገላገያ የለውም። ባጃጅ ውስጥ ከማያውቀው ሰው ጎን ቢቀመጥ እንኳ ጎረቤታችን አማን ከተማ ሳይደርሱ የልጁን ታሪክ ጨርሶ ያወርደዋል።

ያኔ ፀዳለ ከቡድኑ ጋር ውጭ አገር ነበረች። ሁለት ጨዋታ ይጠብቃታል። የመጀመሪያው ሊደረግ ሲል ወልዴን ሕመም ጣለው፣ ሆስፒታል ገባ፣ አልወጣም። ለሚስቱ ለአልማዝ የነገራት የመጨረሻ ነገር፣ "ጨዋታው ሳያልቅ ለልጄ እንዳትነግሯት" የሚል ነው።

የሟች ቃል ነው፤ እድሩ ተሰበሰበ። ሊቀ መንበራችን ሀጂ ነስሩ ናቸው። ከጅማ መጥተው እዚህ ሱቅ ሲከፍቱ እኔ ገና ፀጉር ነበረኝ። ለቡድኑ አሰልጣኝ በዘመድ በኩል ተነግሯት ምስጢሩን እንድትይዝ ተደረገ። የቀረው የወልዴ ስልክ ነው። ልጅቷ ከጨዋታ በኋላ ሁልጊዜ እሱ ጋ ትደውላለች።

ሀጂ ስልኩን ኪሴ ከተቱና፣ "ተክሉ፣ እንዳታነሳው። ትደውል፣ ትደውልና ኔትወርክ ጠፋ ብላ ትተወዋለች። የሚዛንን ኔትወርክ የማያውቅ ማን አለ?" አሉኝ።

"ታዲያ ለምን ለእኔ ሰጣችሁኝ?"

"አንተ አታለቅስማ። ማላገጥ እንጂ ማልቀስ መቼ ታውቃለህ?"

የመጀመሪያውን ጨዋታ ሀጂ ሱቅ ቁጭ ብለን በእሳቸው ስልክ አየን። ውጪ ዝናቡ ይወርዳል። ፀዳለ አንዴ ኳስ ከመስመር ላይ አወጣች፤ ሀጂ የስኳር ኬሻውን በቡጢ መቱት። አንድ ለአንድ ወጡ።

ወደ ለቅሶው ድንኳን ስመለስ የወልዴ ስልክ ኪሴ ውስጥ ጮኸ። ቆመ። ደግሞ ጮኸ። አሁንም ጮኸ። ሙዝ ተክሉ ሥር ተጠግቼ አነሳሁት።

"አባ!"

"አባ ተኝቷል። እኔ ነኝ፣ ጋሽ ተክሉ።"

"ጋሼ! ምነው? ደህና ነው?"

"ደህና ነው። ጉንፋን ቢጤ ይዞት መድኃኒት ውጦ ነው የተኛው።"

"ጨዋታውን አይቷል?"

"እንዴታ! ጎበዝ ብሎሻል። ኮርቼብሻለሁ በልልኝ ብሏል።"

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሀሎ" አልኩ።

"እንደዚያ አለ?"

"ቃል በቃል።"

"እሺ ጋሼ። እማዬን አደራ።"

ዘጋችው። እኔ ዋሾው፣ ነገሩ እንዴት ሰመረልኝ ብዬ ድንኳኑ ውስጥ ደረቴን ነፍቼ ገባሁ። ለሀጂ ግን አልነገርኳቸውም።

ሁለተኛውን ጨዋታ ስናይ ልጅቷ ሌላ ሰው ሆነችብን። ትሮጣለች፣ ኳስ ትነጥቃለች፣ ምንም አያመልጣትም። መጨረሻ ላይ የማዕዘን ምት በጭንቅላቷ አስቆጠረች። ጓደኞቿ እላይዋ ላይ ተከመሩ። እሷ እንደ ስልክ እንጨት ቆማለች።

"ይቺ ልጅ አመማት እንዴ?" አሉ ሀጂ።

"ደክሟት ነው" አልኩ።

ስትመለስ አክስቷ አማን ቤቷ ተቀበለቻት። እንደ ወጉ ማልደን ልናረዳት ሄድን። ሀጂ ፊት፣ እኔ ከኋላ። ራሷን እንዳትጥል የሚይዟት ጠንካራ ሴቶች አስከትለናል። በሩን ራሷ ከፈተችልን። ጥቁር ለብሳለች።

"ግቡ፣ ተቀመጡ። አውቄያለሁ" አለች።

ሀጂ ሲያዘጋጁት ያደሩት ንግግር አፋቸው ላይ ቀረ። "ማን ነገረሽ ልጄ?"

"ጋሽ ተክሉ።"

ሁሉም ዞሮ አየኝ። ፊቴን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። "እኔ? ኧረ እኔ ደህና ነው ነው ያልኳት!"

"ጎበዝ ብሎሻል አልከኝ" አለች። "አባ ጎበዝ ብሎኝ አያውቅም። ከልጅነቴ ጀምሮ ከጨዋታ በኋላ አንድ ጥፋት ነው የሚነግረኝ። 'ግራ እግርሽ እንቅልፋም ነው።' 'ከዳኛ ጋር ስታወሪ ሰው አመለጠሽ።' ሞቶ ካልሆነ ጎበዝ አይለኝም።"

ለእኛ ሰማይ የሚያደርሳትን ልጅ በስልክ እንዲህ ይላት እንደነበር እኔ ከየት ልወቅ?

"ታዲያ አውቀሽ ነው የተጫወትሽው?" አለች አክስቷ።

"እግሬ ተጫወተ። እኔ አልነበርኩም።"

ሴቶቹ ሊይዟት እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። አልወደቀችም። ሊያለቅስ የመጣው ሰው ሁሉ በምን እንደሚጀምር ጠፋው። አንዷ ሻይ ቀዳች፤ ቁጭ ብለን ጠጣን። ስኳሩን ማንም አላማሰለም።

አባቷ የጠየቀው ነገር ተፈጸመ ወይስ ተበላሸ? አንዳንዴ እንዲህ፣ አንዳንዴ እንዲያ እላለሁ። ስለዚያ ቀን ምን ይሰማሃል ብትሉኝ፣ ብዙም አይሰማኝም። ሲቀመጡበት ውለው እንደ ደነዘዘ እግር ነው፤ የራሴ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ብነካው ግን አይሰማም።

ፀዳለ ለቅሶዋን ተቀምጣ ወደ ቡድኗ ተመለሰች። በዚህ ዓመት ከአንድ ጨዋታ በኋላ በራሴ ስልክ ደወለችልኝ።

"ጋሼ፣ አየኸኝ?"

"አየሁሽ፣ ጎ..." አልኩና ምላሴን ነከስኩ። የተረፉኝ ጥቂት ጥርሶች ለዚህ ጠቀሙኝ።

"አንድ ጥፋት ንገረኝ" አለች።

ምን ልበላት? እኔ ኳሱን መች አየሁ፤ እሷን ብቻ ነው ያየሁት። "ነገ ልንገርሽ" አልኳት።

"እሺ፣ እጠብቃለሁ።"

ጨዋታውን በሀጂ ስልክ መላልሼ አየሁት። ሀጂ፣ "አትልፋ፣ እንከን የላትም" ይሉኛል። ይሄ መልስ አይሆንም። ያ ነገ ካለፈ ስንት ጊዜው፤ ለፀዳለ እስካሁን አንድ ጥፋት አለብኝ።