አክስቴ ባሕር የተከለከለች ቀን

አክስቴን ሰፈሩ ሁሉ «አረፋ» ነው የሚላት። ዕድሜዋን ሙሉ ሆቴል ውስጥ የእንግዳ አንሶላና ፎጣ ስታጥብ ነው የኖረችው፤ ደግሞ ስትናደድ ግንፍል ትላለች። በእረፍት ቀኗ ግን ሌላ ሰው ናት። ሞተሬን አስነሳለሁ፣ ከኋላዬ ትፈናጠጣለች፣ «ቀስ በል አንተ ቀውስ፣ የጫንከው ጆንያ አይደለም!» እያለች ጎኔን ስትቆነጥጠኝ ወደ ባሕሩ ዳርቻ እንወርዳለን።

ሩቅ ነው። አስፋልቱ ያልቅና ኮረኮንች፣ ከዚያ የኮኮናት ዛፍ፣ ከዚያ አሸዋ። አሸዋው ጋ ጎማው እንዳይቀበር ትንሽ አየር አስተነፍሰዋለሁ። ሱቅ የለ፣ ሙዚቃ የለ፣ ሰው የለ። ሟቹ ባሏ ዋና ያስተማራት እዚያው ነው። ቆማ ስታጥብ የምትውልበትን ጉልበቷንም የሚያሳርፍላት ያ ውሃ ብቻ ነው።

ባለፈው ስንደርስ ከዛፍ ዛፍ ገመድ ተወጥሯል! ከገመዱ ወዲያ ነጫጭ ወንበር ተደርድሯል። ፊሽካ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ጥበቃ መጣ።

«እትዬ፣ ለሆቴሉ እንግዶች ብቻ ነው።»

«የቱ ሆቴል?»

ነገራት። የምትሠራበት ሆቴል! በቃ፣ ገነፈለች።

«ያ ወንበሩ ላይ የተነጠፈው ፎጣ ትናንት በእነዚህ እጆቼ ነው የታጠበው! ፎጣው ይገባል፣ እኔ አልገባም?»

«እኔ ምን ላድርግ እናቴ፣ ታዝዤ ነው።»

እኔ ደግሞ አላስችል አለኝ። አክስቴን ሥራ ሳደርስ በር ላይ ሲጮህ የምሰማውን ማናጀር አውቀዋለሁ። ዛፍ ጀርባ ገባሁና በአፍንጫዬ፣ ልክ እንደሱ፣ «ማነህ አንተ! ሴትየዋን አሳልፋት፣ አሁኑኑ!» አልኩ።

ጥበቃው «እሺ ጌታዬ!» ብሎ ገመዱን እስከ አናቱ አነሳው።

ሳቄን ልለቀው ስል አክስቴ ገላመጠችኝ።

«በሱ ድምፅ ልታስገባኝ ነው? እሱ ማን ሆኖ ነው ለኔ የሚፈቅደው? አንተም ልቀቀው ገመዱን!»

ለቀቀው። ጫማዋን ወረወረችልኝና ገመዱ በማይደርስበት፣ ዳር ባሉት ድንጋዮች በኩል ከነቀሚሷ ባሕሩ ውስጥ ገባች። ዋኝታ ዋኝታ ወንበሮቹ ፊት ለፊት ስትደርስ ውሃው ላይ ተንጋለለች። ጥበቃው ፊሽካውን ጉንጩ እስኪያብጥ ነፋ።

«ውጪ እትዬ፣ እኔን ነው የሚያባርሩኝ!»

«ከለከልኳት፣ እምቢ አለች በላቸው! ስሜን ንገራቸው! ነገ ጠዋት ማናጀሩ በር ላይ ቆሜ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ። አሁን ጉልበቴን ላሳርፍበት፣ ዝም በል!»